የኪራይ ቅናሽ መቼ ቁጠባ ይሆናል? በአዲስ አበባ የቤት ለውጥ ወጪ ላይ የተደረገ አጭር ትንተና

አኅጽሮተ ጥናት

ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ገንዘብ ለመቆጠብ በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በአዲሱ ቤት ኪራይና ዕቃውን በሚያጓጉዘው መኪና ዋጋ ላይ። ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ የሚደረግን የቤት ለውጥ መነሻ በማድረግ የወጪውን አወቃቀር በሦስት ንብርብሮች ከፍሎ ይመረምራል፤ እነዚህም የመግቢያ ወጪ፣ የጉዞ ዕለት ወጪና ተከታይ ወጪ ናቸው። በምሳሌያዊ ስሌት እንደሚታየው የቁጠባውን መጠን በዋናነት የሚወስኑት የመኪናው ዋጋ ሳይሆን የቤተሰቡ የቆይታ ርዝመትና ከገባ በኋላ በየወሩ የሚከፍለው ተከታይ ወጪ ናቸው። በመሆኑም የተመዘገበ የኪራይ ውል ሕጋዊ መብት ከመሆኑ ባሻገር የቁጠባ መሣሪያ ጭምር መሆኑን ጽሑፉ ያስረዳል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቤት ለውጥ፣ የቤት ኪራይ፣ የግብይት ወጪ፣ የማካካሻ ጊዜ፣ የቤተሰብ ቁጠባ፣ አዲስ አበባ

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የኪራይ ግንኙነቱን ከግለሰብ አከራዮች እጅ አውጥቶ ወደ ቀበሌና ወደ መንግሥት የቤት አስተዳደር አዛወረው። ኪራያቸው ዝቅተኛ የነበሩ ቤቶች «የቀበሌ ቤት» በሚል መጠሪያ እስከ ዛሬ ይታወቃሉ። በእነዚህ ቤቶች የገባ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ልጅ አሳድጎና ድሮ በዚያው ይኖር ስለነበር፣ ቤት መቀየር በሕይወት ዘመን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚያጋጥም ጉዳይ ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ከተማዋ ወደ ዳር ሰፍታለች፤ ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳን፣ ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ ሰፋፊ መንደሮች ፈጥረዋል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ለኪራይ ገበያ ቀርበዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራዎች በመሀል ከተማ የሚኖሩ ነዋሪዎችን ወደ ሌላ ሰፈር አዛውረዋል። በግል ቤት የተከራየ ቤተሰብም የኪራይ ጭማሪ በመጣ ቁጥር ዕቃውን መጫን ግድ ሆኖበታል። በዚህ የተነሣ ቤት መቀየር ብርቅ ክስተት መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ በጀት በየጊዜው የሚጋፈጠው ወጪ ሆኗል።

ሆኖም ስለ ቤት ዋጋ በሚደረጉ ውይይቶች ትኩረት የሚሰጠው ለኪራዩ መጠን እንጂ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመሸጋገር ለሚከፈለው ዋጋ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኪራዩ የቀነሰ ቤት ለሚገባበት ቤተሰብ እውነተኛ ቁጠባ የሚሆነው መቼና በምን ሁኔታ ነው?

2. ጽንሰ ሐሳባዊ መነሻና የአሠራር ዘዴ

ለትንተናው ሦስት ሐሳቦች መነሻ ሆነዋል። የመጀመሪያው የግብይት ወጪ ጽንሰ ሐሳብ ነው። ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ በገበያ መገበያየት ራሱ ዋጋ እንዳለው አመልክቷል፤ ሻጭ መፈለግ፣ መደራደር፣ ውል መዋዋልና ውሉን ማስፈጸም ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃሉ። በአዲስ አበባ የኪራይ ገበያ የደላላ ክፍያ፣ ቤት ለማየት የሚወጣ የትራንስፖርት ገንዘብና ከሥራ የሚባክን ቀን የዚህ ወጪ ግልጽ መገለጫዎች ናቸው።

ሁለተኛው ዊሊያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 ያብራራው በመሬት ዋጋና በርቀት መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ከመሀል ከተማ እየራቁ በሄዱ መጠን ለቦታ የሚከፈለው ዋጋ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የምልልስ ወጪ ይጨምራል። ስለዚህ ኪራይንና ትራንስፖርትን ነጣጥሎ መመዘን የተሳሳተ ውሳኔን ያስከትላል። ሦስተኛው ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው የአእምሯዊ ሒሳብ ሐሳብ ነው። ሰዎች አንዱን ገንዘብ በተለያዩ የሐሳብ ከረጢቶች ከፋፍለው ይይዛሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ብዙ ብር ያስደነግጣል፣ በየቀኑ የሚወጣ ጥቂት ብር ግን ሳይታወቅ ያልፋል። በጫኝና አውራጅ ክፍያ ላይ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው በየዕለቱ በታክሲ የሚጨምርበትን ወጪ አንድም ጊዜ ሳይደምረው ዓመቱን ይጨርሳል።

የጽሑፉ ዘዴ የሰነድ ትንተናንና ምሳሌያዊ ስሌትን ያጣመረ ነው። በሰነድ ረገድ በዋናነት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ታይቷል። በክፍል 4 እና በክፍል 6 የቀረቡት የብር መጠኖች የገበያ አማካይ አይደሉም፤ የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች ስለሆኑ አንባቢው የራሱን ቁጥሮች ሊተካባቸው ይችላል።

3. የቤት ለውጥ ወጪ ሦስቱ ንብርብሮች

የመግቢያ ወጪ፦ ይህ ቤቱን ከማግኘት አንሥቶ ቁልፍ እስከ መረከብ ያለውን ያካትታል። የደላላ ክፍያ፣ የቁልፍና የመዝጊያ ቅየራ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ጥገና፣ ቀለም መቀባትና የመጋረጃ ብረት መትከል በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። የቅድሚያ ኪራይ ግን ከእነዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ከሚመጡት ወራት ኪራይ የሚታሰብ በመሆኑ ወጪ ሳይሆን አስቀድሞ የተያዘ ገንዘብ ነው። የሚያስከትለው ችግር የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው፤ እጥረቱን ለመሸፈን በወለድ ከተበደሩ ወይም ንብረት በርካሽ ከሸጡ ግን ወደ እውነተኛ ወጪነት ይለወጣል።

የጉዞ ዕለት ወጪ፦ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ በመንገድ የሚሰበር ዕቃ፣ ለረዱ ሰዎች የሚቀርብ ምሳና ከሥራ የሚቀሩበት ቀን የዚህ ንብርብር አካላት ናቸው። ወጪው በአንድ ቀን ተጠቃልሎ ስለሚወጣ ከሁሉም የበለጠ ጎልቶ ይታያል።

ተከታይ ወጪ፦ ከገቡ በኋላ በየወሩ የሚመላለስ ወጪ ነው። የቤተሰቡ አባላት ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱበት ትራንስፖርት፣ የኤሌክትሪክና የውኃ ክፍያ፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ እንዲሁም ከገበያ ርቀት የተነሣ ከሱቅ በውድ የሚገዛ ሸቀጥ ይገኙበታል። ከደመወዝ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወጣ አይታይም፤ ነገር ግን የቤት ለውጡ አትራፊ ወይም አክሳሪ መሆኑን የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው ነው።

4. ምሳሌያዊ ስሌት

ሁለት ሠራተኞችና ሁለት ተማሪዎች ያሉት ቤተሰብ እንውሰድ። አሁን በሚኖርበት ቤት በወር 14,000 ብር ኪራይና 1,800 ብር ትራንስፖርት፣ በድምሩ 15,800 ብር ያወጣል። በከተማዋ ዳር ያገኘው ቤት ኪራይ 10,500 ብር ነው። በዚያ ቤት የቤተሰቡ ትራንስፖርት ወደ 3,900 ብር ያድጋል፤ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ለመግዛት 400 ብር ይጨመራል። የአዲሱ ቤት ወርሃዊ ድምር 14,800 ብር ይሆናል ማለት ነው። በኪራይ ብቻ ሲታይ ልዩነቱ 3,500 ብር ነው፤ እውነተኛው ልዩነት ግን 1,000 ብር ብቻ ነው።

የአንድ ጊዜ ወጪው እንደሚከተለው ይሁን፦ የደላላ ክፍያ 3,000 ብር፣ መኪና 4,000 ብር፣ በሁለቱም ሰፈር የጫኝና አውራጅ 5,000 ብር፣ ጥገናና መዝጊያ 4,500 ብር፣ የአዲስ ዕድር መግቢያ 1,500 ብር፤ በድምሩ 18,000 ብር።

የማካካሻ ጊዜ የሚባለው የአንድ ጊዜ ወጪው በወርሃዊው ልዩነት ተካፍሎ የሚገኘው የወራት ብዛት ነው። ቤተሰቡ ኪራዩን ብቻ ከተመለከተ ወጪው በአምስት ወር ገደማ የሚካካስ ይመስለዋል። በእውነተኛው ልዩነት ሲሰላ ግን 18 ወር ያስፈልጋል። ቀጣዩ ሠንጠረዥ አንዳንድ ሁኔታዎች ሲቀያየሩ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

ሠንጠረዥ 1፦ የማካካሻ ጊዜና የተጣራ ውጤት በተለያዩ ሁኔታዎች

| ሁኔታ | የአንድ ጊዜ ወጪ (ብር) | ወርሃዊ ልዩነት (ብር) | የማካካሻ ጊዜ (ወር) | በ24 ወር የተጣራ ውጤት (ብር) |
|---|---|---|---|---|
| መነሻ | 18,000 | 1,000 | 18 | 6,000 ትርፍ |
| የመኪናው ዋጋ በ1,000 ብር ሲቀንስ | 17,000 | 1,000 | 17 | 7,000 ትርፍ |
| የአንድ ጊዜ ወጪው በሲሶ ሲቀንስ | 12,000 | 1,000 | 12 | 12,000 ትርፍ |
| ትራንስፖርቱ በወር በ1,000 ብር ሲቀንስ | 18,000 | 2,000 | 9 | 30,000 ትርፍ |
| የ15 ቀን ድርብ ኪራይ ሲጨመር | 25,000 | 1,000 | 25 | 1,000 ኪሳራ |

ከሠንጠረዡ ሦስት ነገሮች ይነበባሉ። አንደኛ፣ በመኪናው ዋጋ ላይ የተገኘ ቅናሽ ጠቃሚ ቢሆንም የማካካሻ ጊዜውን የሚያሳጥረው በአንድ ወር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከተከታይ ወጪ በወር 1,000 ብር መቀነስ ውጤቱን በአምስት እጥፍ ያሳድገዋል። ከቤተሰቡ አንዱ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ በሚያልፍበት መስመር ላይ ቤት መምረጥ ይህን ሊያስገኝ ይችላል። ሦስተኛ፣ የቀድሞውን ቤት ኪራይ ለ15 ቀን፣ ማለትም 7,000 ብር፣ ከአዲሱ ጋር ደርቦ መክፈል የሁለት ዓመቱን ትርፍ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል።

ከሁሉም የሚጎላው ግን በሠንጠረዡ ያልተካተተ ዓምድ ነው፤ ይህም ቆይታው ሲያጥር የሚሆነው ነው። በመነሻው ሁኔታ ቤተሰቡ 24 ወር ከቆየ 6,000 ብር ያተርፋል፤ በ12ኛው ወር ልቀቅ ከተባለ ግን 6,000 ብር ይከስራል። የሁለቱ ልዩነት 12,000 ብር ነው። በሌላ አነጋገር ለዚህ ቤተሰብ የአንድ ተጨማሪ ዓመት የመቆየት ዋስትና ከመኪናው ኪራይ በሦስት እጥፍ የበለጠ ዋጋ አለው።

5. ቁጠባው የሚገኝባቸው ነጥቦች

5.1 የቆይታ ዋስትና

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከላይ ከታየው ስሌት ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ድንጋጌዎችን ይዟል። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያደርጋል፤ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ኪራይም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ የክፍያ ዘዴ እንዲከፈል ይጠይቃል። የኪራይ ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል ውሳኔ ሥር ሆኗል።

እነዚህን ድንጋጌዎች በቁጠባ ዓይን ማንበብ ይቻላል። የሁለት ዓመቱ ዝቅተኛ ዘመን በምሳሌው ከተገኘው የ18 ወር የማካካሻ ጊዜ በላይ ስለሆነ፣ ውሉ ከተከበረ ቤተሰቡ ወጪውን የመመለስ ዕድል ያገኛል። የሁለት ወር ጣሪያው ደግሞ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ለመክፈል የሚደረገውን ብድር ያስቀራል። በባንክ ወይም በቴሌብር የተከፈለ ኪራይ ማስረጃው በእጅ ስለሚገኝ «አልተከፈለኝም» የሚል ክርክር ቢነሣ ተከራዩን ከድርብ ክፍያ ይጠብቀዋል።

በተግባር የሚታየው ፈተና በውሉ ላይ የሚጻፈው ኪራይና በእጅ የሚከፈለው ኪራይ የሚለያዩበት አጋጣሚ ነው። አንዳንድ አከራዮች የኪራይ ገቢ ግብርን ለማሳነስ ሲሉ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲጻፍ ይጠይቃሉ፤ ተከራዩም ቤቱ እንዳያመልጠው ይስማማል። ይህ ስምምነት ለተከራዩ ምንም አያስገኝለትም። በእጅ የሰጠው ገንዘብ ማስረጃ የለውም፤ ጭማሪ ሲጠየቅም ከየትኛው መነሻ እንደሚሰላ ማሳየት ይቸገራል፤ ያልተጻፈው ክፍል ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ትክክለኛው ዋጋ የተጻፈበትና የተመዘገበ ውል ከጥቂት መቶ ብር የኪራይ ቅናሽ ይልቅ ሊመረጥ ይገባል።

5.2 ከመፈራረም በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ቤት በሚታይበት ጊዜ የግድግዳው ቀለም ከቆጣሪው ይልቅ ትኩረት ይስባል። ነገር ግን አንድ ቆጣሪ ለግቢው ሁሉ የሚያገለግል ከሆነ የተከራዩን ተከታይ ወጪ ከፍ ያደርገዋል። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተዋቀረ በመሆኑ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ያድጋል። ሦስት አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ የጋራ ፍጆታቸው ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ እያንዳንዳቸው በየግላቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ ከሚከፍሉት በላይ ይከፍላሉ። ስለዚህ የግል ቆጣሪ ያለው ቤት በኪራይ ትንሽ ቢበልጥ እንኳ በድምሩ ሊረክስ ይችላል።

ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችም ከመፈራረም በፊት መልስ ማግኘት አለባቸው። የመጀመሪያው በቆጣሪዎቹ ላይ የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው ውዝፍ ሒሳብ መኖር አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ግቢው ሮቶ ያለው መሆኑ ነው። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መስመሩ የእንጀራ ምጣድ የሚችል መሆኑ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ኃይል ስለሚጠቀም በቀጭን ሽቦ የተዘረጋ አሮጌ መስመር ሊቃጠል ይችላል። ምጣድ የማይሰካበት ቤት የገባ ቤተሰብ እንጀራ ከሱቅ ለመግዛት ይገደዳል፤ ይህም በየቀኑ የሚመላለስ ወጪ ነው።

የርክክብ ሰነድም እንዲሁ ወጪ ይቀንሳል። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተነቀለ መዝጊያና የቆጣሪ ንባብ በርክክቡ ቀን በፎቶግራፍ ተደግፈው ቢመዘገቡና ሁለቱም ወገኖች ቢፈርሙበት፣ ቤቱ በሚለቀቅበት ቀን የሚነሣውን የጥገና ክፍያ ክርክር ያስቀራሉ።

5.3 የቀን ምርጫና ድርብ ኪራይ

በሠንጠረዥ 1 እንደታየው ድርብ ኪራይ ከትልልቆቹ የብክነት ምንጮች አንዱ ነው። መንስኤው በአብዛኛው ጥድፊያ ነው፤ የሚወደድ ቤት ሲገኝ ያለ ማስጠንቀቂያ ይያዛል፣ የቀድሞው ቤት ወርም ገና አልሞላም። መፍትሔው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ለመልቀቅ የወሰነ ቤተሰብ በመጀመሪያ ነባሩ ውል የሚጠይቀውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ አንብቦ፣ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ሰጥቶ፣ ፍለጋውን በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያካሂድ የሁለቱ ቤቶች ኪራይ የሚደራረብበትን ቀን ወደ ጥቂት ያወርደዋል። የአዲሱ ኪራይ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ እንዲታሰብ መደራደርም ቀላል ነው፤ አከራዩ ጥገና የሚያካሂድባቸው ቀናት ካሉ እነዚህ በኪራይ እንዳይታሰቡ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወቅቱም ዋጋ አለው። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ወላጆች ለትምህርት ቤት የሚቀርብ ቤት ስለሚፈልጉ ሽሚያው ይበረታል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ፍራሽና የእንጨት ዕቃ በዝናብ የሚበሰብስባቸው፣ ኮብልስቶን ያልደረሰበት የውስጥ መንገድም ጭቃ የሚሆንባቸው ወራት ናቸው። የልጆች የትምህርት ዘመን ከመጋመሱ በፊት የሚደረግ ለውጥ በበኩሉ ልጆቹን በሩቅ መንገድ የማመላለስ ወጪ ያስከትላል። በመሆኑም ምርጫ ላለው ቤተሰብ ፍለጋውን ከግንቦት ጀምሮ አካሂዶ ክረምቱ ሳይገባ መዛወር የተሻለ ነው።

5.4 ዕቃና ጉዞ

ዕቃን በተመለከተ ዋናው መርሕ መጀመሪያ መቀነስ፣ ቀጥሎ መጫን ነው። አራት ፎቅ ባላቸውና አሳንሰር በሌላቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች የጫኝና አውራጅ ዋጋ ከወለሉ ከፍታ ጋር ያድጋል፤ ደረጃውም ጠባብ በመሆኑ ሰፊ ሶፋና የማይፈታ ቁምሳጥን ሊያልፍ አይችልም። ቤቱ ሲታይ የበሩንና የደረጃውን ስፋት በሜትር መለካት ኋላ በገመድ በበረንዳ ለማውጣት የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ ያስቀራል። ለማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አሮጌ ቡፌ እዚያው ሰፈር ቢሸጥ በሁለት በኩል ይጠቅማል።

ዕቃው ከበዛና አንድ አይሱዙ የማይችለው ከሆነ የሁለተኛው ምልልስ ዋጋ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከጫኝና አውራጆች ጋርም ዋጋው መቆረጥ ያለበት ዕቃው መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ በአዲሱ ሰፈር ያለው ክፍያ ከቀድሞው ተለይቶ ስለሚጠየቅ አስቀድሞ ሄዶ መነጋገር በር ላይ ከሚነሣ ጭቅጭቅ ያድናል። ለማሸጊያ ካርቶን፣ ማዳበሪያና በቤት ያለ አንሶላ ይበቃሉ፤ ብርጭቆና ሳህን በልብስ መካከል ቢቀመጡ የሚገዛ ማሸጊያ አያስፈልግም። ፍሪጅ ቆሞ ቢጓጓዝና ከደረሰ በኋላ ወዲያው ሳይሰካ ለሰዓታት ቢቆይ ከብልሽት ይድናል። የአንድ ፍሪጅ ጥገና ደግሞ ከመኪናው ኪራይ ሊበልጥ ይችላል።

5.5 ዕቁብ፣ ዕድርና ጉርብትና

ቤት መቀየር ከማኅበራዊ ትስስር መውጣትም ነው። ዕድር ለዚህ ዋና ማሳያ ነው። ለዓመታት መዋጮ የከፈለ ሰው ሰፈሩን ሲለቅ ያጠራቀመው መብት አይከተለውም፤ አዲስ ዕድር ሲገባ ደግሞ ማኅበሩ ካፈራው ድንኳን፣ ወንበርና ገንዘብ አንጻር የተተመነ የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ለቀድሞውም ለአዲሱም ዕድር እየከፈሉ ይኖራሉ። ስሌቱ እዚህ ላይ ከገንዘብ ያልፋል፤ ሐዘን በደረሰ ቀን የሚደርሰው የቅርቡ ጎረቤት ስለሆነ የአዲሱ ዕድር መግቢያ መቀነስ ያለበት ወጪ አይደለም። ሊቀንስ የሚችለው ድርብ ክፍያው ነው፤ ርቀቱ የማያመላልስ ከሆነ የቀድሞውን በክብር መሰናበት ይሻላል።

ዕቁብ በአንጻሩ ለቤት ለውጥ የተመቸ የገንዘብ ምንጭ ነው። ወለድ የለውም፤ ዕጣውም በስምምነት ከሌላ አባል ጋር ሊቀያየር ይችላል። ለመዛወር ያሰበ ቤተሰብ ዕጣው ከሚዛወርበት ወር ጋር እንዲገጥም አስቀድሞ ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ቢነጋገር፣ የሁለት ወሩን ቅድሚያና የመግቢያ ወጪውን ያለ ብድር ይሸፍናል። ቢሆንም ሰፈር ከለቀቁ በኋላ ቀሪውን መዋጮ በወቅቱ መጣል የእምነት ጉዳይ በመሆኑ በበጀቱ ውስጥ መያዝ አለበት።

አዲስ ቤት ለገባ ሰው «ቤት ለእንቦሳ» ብሎ ዕቃ ይዞ የመሄድ ልማድም የወጪውን ጫና የሚያቃልል ነው። ዘመድ ወዳጅ ተነጋግሮ ቤቱ በእርግጥ የጎደለውን ቢያመጣ አምስት ተመሳሳይ የብርጭቆ ስብስብ ከመከማቸቱ ይልቅ ቤተሰቡ ሊገዛው ያሰበውን ዕቃ ያስቀርለታል።

6. የራስን ኮንዶሚኒየም በተመለከተ

ከኪራይ ወደ ራስ ቤት የሚገባ ቤተሰብ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። በ20/80 መርሐ ግብር ቤት የደረሰው ሰው 20 በመቶውን በቅድሚያ ከፍሎ 80 በመቶውን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር ይሸፍናል። ቤቱም ብዙ ጊዜ የውስጥ ማጠናቀቂያ ሥራው ሳይሠራ ይረከባል። በመሆኑም ማጠናቀቂያው እስኪያልቅ ድረስ ቤተሰቡ የብድር ክፍያውንና የሚኖርበትን ቤት ኪራይ በአንድነት ይከፍላል።

እዚህ ላይ ቁጠባው ያለው ሥራዎቹን በሁለት ምዕራፍ በመክፈል ነው። ከመግባት በፊት መሠራት ያለባቸው ደኅንነትንና ንጽሕናን የሚመለከቱት፣ እንዲሁም ዕቃ ከገባ በኋላ ለመሥራት የሚያስቸግሩት ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የመጸዳጃ ቤትና የወጥ ቤት ቧንቧ፣ የመውጫ በርና ቁልፍ፣ የወለል ሥራ። የጂፕሰም ኮርኒስ፣ በግድግዳ የሚሰቀል የወጥ ቤት ካቢኔትና የመጨረሻው ቀለም ግን ከገቡ በኋላ በየክፍሉ ሊቀጥሉ ይችላሉ። በምሳሌያችን 14,000 ብር ኪራይ የሚከፍል ቤተሰብ ሁሉንም ጨርሶ ለመግባት አራት ወር ቢዘገይ 56,000 ብር ለኪራይ ያወጣል። አስፈላጊውን ሠርቶ በሁለተኛው ወር ቢገባ ግማሹን፣ ማለትም 28,000 ብር፣ ለቀሪው ሥራ ማዋል ይችላል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ለጥቂት ወራት ከአቧራና ከሠራተኛ ጋር መኖር ነው፤ ሕፃን ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ይህ ዋጋ ሊከብድ ስለሚችል ውሳኔው እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ይለያያል።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

የኪራይ ቅናሽ ቁጠባ የሚሆነው ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፤ ተከታይ ወጪው ቅናሹን የማይበላው ሲሆንና ቤተሰቡ ከማካካሻ ጊዜው በላይ በቤቱ የሚቆይ ሲሆን። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በጉዞው ዕለት የተደረገ ክርክር ሁሉ ኪሳራውን አይመልሰውም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ምክረ ሐሳቦች ቀርበዋል። በቤተሰብ ደረጃ፣ ቤት ለመቀየር ከመወሰን በፊት የሁለቱን ቤቶች ሙሉ ወርሃዊ ድምር ጽፎ የማካካሻ ጊዜውን ማስላት፤ የማካካሻ ጊዜው ከውሉ ዘመን የሚበልጥ ከሆነም ባሉበት ቆይቶ ከአከራዩ ጋር መደራደር ይመከራል። ኪራዩን በመጠኑ ከፍ አድርጎ መቆየት እንኳ ከመዛወር የሚረክስበት ጊዜ አለ፤ በምሳሌው ቤተሰብ በሁለት ዓመት የሚገኘው 6,000 ብር ትርፍ በወር ሲካፈል 250 ብር ብቻ ነው። በአሠሪዎች ደረጃ፣ የሰርቪስ መስመሮች ሠራተኞች ወደሚበዙባቸው የዳር መንደሮች እንዲዘረጉ ማድረግ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር የሚነጻጸር ጥቅም ይሰጣል። በከተማ አስተዳደር ደረጃ፣ የውል ምዝገባው በወረዳ ቀላልና ፈጣን ቢሆን፣ ለኪራይ የሚውሉ ግቢዎችም የየራሳቸው ቆጣሪ እንዲኖራቸው ቢበረታታ የተከራዮችን ወጪ በቀጥታ ይቀንሳል።

ለቀጣይ ጥናት የሚሆነው ርእስ ከዚሁ ይመነጫል። ከአዋጁ በፊትና በኋላ ተከራዮች በአንድ ቤት የሚቆዩበት ጊዜ በወረዳ የምዝገባ መዛግብት ቢነጻጸር፣ የሕጉ ጥበቃ በቤተሰብ ኪስ ውስጥ ምን ያህል ብር እንዳስቀረ በቁጥር ማሳየት ይቻላል።